አሥራ ሁለት ኪሎ እስከ ኅዳር

ወረታ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ዘመዴ፣ ለምግብ ባለሙያዋ ለዙፋን፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። የላይፕዚግን ብርድ ያቅልልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ሜዳውም ጭቃ ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ሩዝ ላይ ተደፍቷል።

አባትሽ የአክስቴ ልጅ ነበር። እኔና አንቺ ግን የተያየነው አንዴ ብቻ ነው፣ በእሱ ተዝካር ላይ። ያኔ ጥግ ይዞ የደጋሹን የሥጋ ክፍፍል በስክሪብቶ ሲያርም የነበረውን ሽማግሌ ካስታወስሽ እሱ እኔ ነኝ። ለምን በስልክ አላነጋገሩኝም እንዳትይ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ቁጥርን በወረቀት ካላየ አያምንም። ጎረቤታችን ሪሃና ሱቅ አላት፤ ኔትወርኩ ብቅ ሲል ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፣ ያንቺንም አትማ ትሰጠኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የልጄ የሰገን ልጅ ናፍቆት አራት ዓመት ሆናት። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ከእኩዮቿ ጋር ሮጣ አታውቅም። ኅዳር ላይ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ በነፃ ቀዶ ሕክምና ይሠሩላታል ተብሎ ስሟ ተመዝግቧል። ግን ከአሥራ ሁለት ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን አንነካም ብለዋል። ባለፈው ሰኞ ስትመዘን አሥር ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነች። ይህ ዙር ካመለጣት ሌላው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሟ «ስብ ያለው ነገር አብሏት» ብሎ ሸኘን። «ስንት?» ብዬ ጠየቅሁት። «በርከት አድርጉት» አለኝ። የሒሳብ አስተማሪን «በርከት» ብሎ መሸኘት ነውር ነው። ስለዚህ ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ ትምህርት ነው የምጠይቅሽ፤ ምግብ ውስጥ ያለው ስብ እንዴት ይሰላል?

የአባትሽ የአክስት ልጅ፣
ሀይለየሱስ

* * *

ላይፕዚግ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሀይለየሱስ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ሰገንስ፣ ትንሿስ? ከአገር ቤት ደብዳቤ ከመጣልኝ ስንት ዘመኔ። እንደ ሕፃን ዘልዬ ነው የተቀበልኩት። ያንን የሥጋ ክፍፍል የሚያርሙትን ሰውም እንዴት እረሳለሁ፤ ለኔ የደረሰኝ እርስዎ ያስጨመሩልኝ ቁራጭ ነበር።

ስሌቱ ለእርስዎ እንደ ውኃ መጠጣት ነው። ምግብ ውስጥ ኃይል የሚሰጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ፕሮቲን አራት፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ማለትም ሩዝና ጤፍ ውስጥ ያለው፣ እሱም አራት። ሐኪሟ ስብ ያለው ለዚህ ነው። ልቧ የሚደክም ልጅ ሆዷ ቶሎ ይሞላል፣ መብላቱ ራሱ ያደክማታል፤ በትንሽ ጉርሻ ብዙ ኃይል የሚያስገባላት ስብ ነው።

እዚህ ኡርሱላ የምትባል አንጋፋ የምግብ ባለሙያ አለች። የናፍቆትን ነገር ስነግራት ቁጭ ብላ አሰበችና በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካሎሪ፣ ከዚያ ውስጥ ስቡ ከአርባ አምስት ግራም እንዳያንስ አለች። የየምግቡን ሰንጠረዥ ገልብጬ ልኬያለሁ። ሁሉንም በጥሬው ይመዝኑ፣ ሲበስል ውኃ ይገባበትና ያታልላል። ደግሞ ለሐኪሟ ሳያሳዩ ምንም እንዳይቀይሩ አደራ።

«የምግብ ባለሙያዋ» ብለው የሰጡኝን ማዕረግ አንብቤ ሳቅሁ። እሱን ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

አክባሪዎ፣
ዙፋን

* * *

ወረታ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለዙፋን፣

ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም። ሪሃና የቅመም ሚዛኗን አዋሰችኝና ቤታችን ውስጥ ያልመዘንኩት ነገር የለም። ሰገን «አባዬ፣ እኔንም ሊመዝኑኝ ነው?» እያለች ትሸሸኛለች። ትሽሽ፤ ሽሮዋ ግን ተመዝኗል።

ናፍቆት በቀን የምትበላው የሩዝ ገንፎ፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ እንጀራ በሽሮ፣ አልፎ አልፎም ዓሣ ነው። አንዱ ችግራችን ቅቤ ነው። ቅቤ ከሸተታት አፏን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። በገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ብናደርግበት ፊቴ ላይ ተፋችው። በየት በኩል እንዳወቀችው እንጃ፣ እናቷም ልጅ ሆና እንዲሁ ነበረች። የምትወደው ወተት ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ትጠጣለች። ወተቱም የገዛነው አይደለም፤ ጓሮ ያለችው ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላማችን፣ ወለላ የምንላት፣ የምትሰጠን ነው።

እንግዲህ ተመልከቺ። ሰንጠረዥሽ ላይ የአገር ላም ወተት በመቶ ግራም አምስት ተኩል ግራም ስብ አለው ይላል። ለአምስት መቶ ግራም ሃያ ሰባት ተኩል። ከእንቁላሉ፣ ከሽሮውና ከሌላው ጋር አርባ አምስት ግራም ስብ ሞላ። አርባ አምስት በዘጠኝ አራት መቶ አምስት። ፕሮቲኑ አርባ ግራም፣ አንድ መቶ ስልሳ ካሎሪ። ካርቦሃይድሬቱ አንድ መቶ ስልሳ ግራም፣ ስድስት መቶ አርባ ካሎሪ። ድምሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ለደስታዬ ስል ደመርኩት። ሐኪሟም ወረቀቱን አይቶ በዚሁ ቀጥሉ አለ።

ቅዳሜ ግራፍ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። መስመሩ መስከረም መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ኪሎን ይነካል። ሰው ሁሉ እየመጣ እያየው ነው፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «የምግብ ሐኪም ዘመድ አለችኝ» እያልኩ አውርቻለሁ።

አጎትሽ፣
ሀይለየሱስ

* * *

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ። ኡርሱላ የእርስዎን ወረቀት ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ፊደሉን ባታነበውም ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች «ይህ ሰው አንድም ቦታ አልሳተም» አለች። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሳዜም ዋልኩ።

አንድ ነገር ብቻ። ክብደቷን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጻፉልኝ። እሱን ስጠብቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አክባሪዎ፣
ዙፋን

* * *

ወረታ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለዙፋን፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ፈጣሪ ሳይለየን ከርመናል። መልስ የዘገየው በኔትወርኩ ነው፣ ከጠፋ ወር ሊሞላው ነው። ዘንድሮ ውኃው በርትቶብናል። ሜዳው እስከ ጣና ድረስ አንድ ባሕር መስሏል፤ ባለከብቱ ሁሉ ከብቱን ወደ ከፍታው ነድቷል። ወለላን ግን አላስነካንም፣ ከነጥጃዋ ጓሯችን ናት። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱ መኪኖች ሁለት ቀን ቆመው ነበር፣ አሁን ተከፈተ። ሩዙ ግን ውኃ ስለጠገበ ሰው ደስ ብሎታል። ሪሃናም ወንድ ልጅ ወለደች፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለን ገብተናል፤ እሷም እንደ ቤቷ ልማድ አስተናገደችን።

እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው፤ እዚያ አገር ለሕፃናት የሚሰጥ ኃይለኛ ዱቄት አለ ይላሉ። ዋጋው ስንት ነው? ሰው የሚመጣ ካለስ ይይዘዋል? ድንገት ቢያስፈልግ ብዬ እንጂ ሌላ ምንም የለም።

ናፍቆት ደህና ናት፣ ትስምሻለች።

አጎትሽ፣
ሀይለየሱስ

* * *

ላይፕዚግ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ስለ ጎርፉ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ሪሃና አራስነት ጻፉልኝ። የናፍቆትን ክብደት ግን አልጻፉልኝም። አጎቴ፣ እርስዎ ቁጥር ረስተው አይደለም። ፈራሁ፤ እውነቱን ነው የምነግርዎት፣ በጣም ፈራሁ።

እኔም ያልጻፍኩልዎት ነገር አለ። የምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ሆስፒታሉ ኩሽና ውስጥ ሳህን አጣቢ ነኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ «ሆስፒታል፣ ምግብ ክፍል ገባሁ» አልኩት፣ እሱ ለሰው ሲያወራ ባለሙያ ሆንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ላርመው አፈርኩ። ቁጥሮቹ ግን የኡርሱላ ናቸው፣ እነሱን ይመኑ። እኔን ይቅር ይበሉኝ።

ይህን የምጽፍልዎት ለንስሐ ብቻ አይደለም። የኔ ሥራ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ሳህኑ ከሕመምተኛው ሲመለስ ከማጠቤ በፊት የተረፈውን እመዝናለሁ። ኡርሱላ ያንን ከሰጠችው ላይ ትቀንሳለች። ሰባት ዓመት ትርፍራፊ ስመዝን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር በወረቀት የተጻፈውና ሰው ሆድ የገባው አንድ አለመሆኑን ነው። ዛሬ የእርስዎን ወረቀት ደግሜ አየሁት። የተረፈ የሚል ቦታ የለውም። ገንፎው ይተርፋል? ሽሮው ይተርፋል? ይልቁንም ወተቱ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስብ ያለው እሱ ላይ ነውና። ላሟ ከምትሰጠው ማን ምን ይወስዳል? ከላሟ ግት ተነስቶ ናፍቆት አፍ እስኪደርስ ያለውን ሁሉ ቆመው አይተው ይጻፉልኝ።

ዱቄቱን እጠይቃለሁ። አስቀድመው ግን ይህን ያድርጉልኝ።

ይቅርታዎን የምትጠብቅ፣
ዙፋን

* * *

ወረታ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን፣

መጀመሪያ ተቆጣሁ። አልደብቅሽም፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ያወራሁት ሁሉ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። መንገድ ላይ ግን የራሴ ጉድ ታወሰኝ። ክብደቷን የደበቅሁት እኔ ነኝ። አሥር ኪሎ ከሦስት መቶ ናት። በሦስት ወር መቶ ግራም። ግድግዳው ላይ ያለውን ግራፍ ሰው እንዳያየው ገልብጬ ሰቅዬዋለሁ። እንግዲህ ተካክሰናል፤ አንቺም አትፈሪ እኔም አልኩራ።

ደግሞስ ሳህን ማጠብ ምን ነውር አለው? ከሁላችንም በላይ ያየሽው አንቺ ነሽ። ስሚ ጉዱን።

ደብተሬን ይዤ ሰገን ስታልብ ጓሮ ቆምኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ላም ሲታለብ ቆሜ አይቼ አላውቅም፤ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ወለላም እኔን ስታይ ቀንዷን ታወዛውዛለች። ሰገን ጥጃውን ለቀቀችው። ትንሽ ጠባ፣ ወተቱ ወረደ። ከዚያ ጥጃውን አሰረችውና አለበች። ቅሉ ሞላ ስል ቆመችና ጥጃውን መልሳ ለቀቀችው።

«ግቱ መቼ ጎደለ? ለምን አቆምሽ?» አልኳት።

«የቀረው የጥጃው ነዋ።»

«ስንት ይቀራል?»

«እሱን አላውቅም አባዬ። ግን ወፍራሙ እሱ ነው። ቅቤው ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ሩዝ በግራም ስመዝን፣ ሽሮ ስሰፍር፣ ስቡን በየቀኑ ጥጃው ሲጠጣው ከርሟል። ለዚህም ነው እንደዚያ ያማረበት፤ ጀርባው ላይ ዝንብ አይቆምም።

ነገሩን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ወተት በአንድ ብርጭቆ፣ የመጨረሻውን በሌላ፣ እኩል ቁመት ሞልተን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጥነው። ላዩ ላይ የሰፈፈውን ስልባቦት በማስመሪያ ለካሁ። የመጀመሪያው ሦስት ሚሊሜትር። የመጨረሻው አሥራ አንድ። ሰገን ማስመሪያውን ተቀብላኝ ራሷ ለካችው። አሥራ አንድ።

እንግዲህ ጥጃውን እንከልክለው አልኩ። ሰገን ጮኸችብኝ። ጥጃው ከከሳና ከሞተ ወለላ ወተቷን ትይዛለች፣ ጠብታ አትሰጥም። ሁለቱንም እናጣለን። ቀጥላም ወለላን እያየች እንዲህ አለች፦ «አራት ጡት አላት። ሁለቱን ለጥጃው ሙሉ በሙሉ እተውለታለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጥባ። ሁለቱን እኔ እስኪደርቁ አልባቸዋለሁ። ቀድሞ የሚወጣውን ቀጭኑን እርስዎ ይጠጡ፤ የመጨረሻው ግማሽ ሊትር የልጄ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ማካፈል ሳስተምር ኖሬ አራትን ለሁለት ማካፈል ከልጄ ተማርኩ። ከትናንት ጀምረናል። ጥጃው ተቆጥቷል፣ እኔ ቀጭን ወተት እየጠጣሁ ነው፣ ናፍቆት ከንፈሯን እየላሰች ነው።

አጎትሽ፣
ሀይለየሱስ

* * *

ላይፕዚግ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለሰገን፣ ለናፍቆትም፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ደብዳቤዎን ባቡር ላይ አንብቤ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች መሐረብ ሰጡኝ። ኡርሱላም ሳነብላት «ሰገንን ሆስፒታሉ ይቅጠራት» አለች።

ኡርሱላ እንደምትገምተው ናፍቆት ስትጠጣው የነበረው በመቶው ከሁለት ተኩል አይበልጥም። የመጨረሻው ስምንት ያህል ይሆናል። አሥራ ሁለት ተኩል ግራም የነበረው አርባ ግራም ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ሃያ ሰባት ተኩል፣ በዘጠኝ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ተኩል ካሎሪ፣ በየቀኑ። ወተቱን አፍልታችሁ ስጧት፣ ሆዷን እንዳያውካት ቀስ በቀስ ይሁን፣ ለሐኪሟም ይህንኑ ንገሩት።

ትናንት እናቴ ጋ ደውዬ ሥራዬን በስሙ ጠርቼ ነገርኳት። «ታዲያ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ሰባት ዓመት የከበደኝ ነገር እንዲሁ አለቀ።

አክባሪያችሁ፣
ዙፋን

* * *

ወረታ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለዙፋን፣

ምስጋና ለላይኛው ጌታ። ግራፉን መልሼ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። መስከረም አጋማሽ ላይ አሥር ኪሎ ከሰባት መቶ። በመስከረም መጨረሻ አሥራ አንድ ከመቶ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አሥራ አንድ ከግማሽ። ጉንጯ ወጣ፣ ሰገንም ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ፈታ ሰፋችው። ጥጃውም አልከሳም፤ ሁለት ሙሉ ጡት አግኝቶ ምን ጎደለበት።

ዛሬ ጠዋት ለጉዞው ወረቀት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፣ ተማሪዬ ነበረች። ሚዛኑ ላይ ከነጫማዋ አቆመቻትና አሥራ ሁለት ኪሎ ከሃያ ግራም አለች። ሰገን እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። እኔ ግን ያንን ጫማ መዝኜዋለሁ፣ መቶ ሃያ ግራም ነው።

ነርሷ አየችኝ፤ «መምህር፣ ልጻፈው?» አለችኝ። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ነበር። ዙፋን፣ እንዲያ ያለ ፈተና ገጥሞኝ አያውቅም። አንዴ ቁጥር ደብቄ ሁለት ወር አባክኜባታለሁ። ደግሞም ማደንዘዣውን የሚያሰሉላት በኪሎዋ ነው። አጎንብሼ ጫማዋን አወለቅሁላት። አሥራ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሰገን እስከ አሁን አላናገረችኝም።

አዲስ አበባ የሚመዝኑን ኅዳር 12 ነው። አሥራ አንድ ቀን አለን። ጸልዪልን።

አጎትሽ፣
ሀይለየሱስ

* * *

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰገን ብትቆጣ አይፍረዱባት፣ እናት ናት። ይህን ግን ያንብቡላት፦ ኡርሱላ የጫማውን ነገር ስነግራት ተነስታ ቆመች። እዚህ አንድ ሕፃን ከነብርድ ልብሱ ተመዝኖ መድኃኒት ሲበዛበት አይታለች። ልክ አድርገዋል። እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ፣ እላለሁ እንጂ እንደናንተ ቀን እየቆጠርኩ ነው። ኅዳር 12 ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ በየትኛውም ሰዓት ይደውሉ።

አክባሪዎ፣
ዙፋን

* * *

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን፣

በስልክ የሰማሽውን በወረቀት ልድገምልሽ፣ ያለዚያ የሆነ አይመስለኝም። ከወረታ ስንነሳ አሥራ ሁለት ከመቶ ሃምሳ ነበረች። ከባሕር ዳር ስንበር አስመለሳት። ሆስፒታል ስንደርስ እኔና ሰገን ናፍቆትን መሃል አድርገን ገባን። ልብሷን አውልቀው ሚዛን ላይ አወጧት። አሥራ ሁለት ኪሎ ከሃያ ግራም። የምትመዝነው ሐኪም «ገብታለች» አለች። ሰገን ያን ጊዜ ትከሻዬ ላይ ተደፋች፣ ከዚያ ወዲህ ታርቀናል።

ኅዳር 17 አስገቧት። አምስት ሰዓት ፈጀ። በዚያ አምስት ሰዓት ውስጥ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አትጠይቂኝ። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጥታ ቀዳዳው ተዘጋ አለችን። ከንፈሯን አየሁት፤ ቀይ ነው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ከንፈር።

ትናንት ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ተራው አወጧት። ዛሬ ከቀትር በኋላ እኔ ወንበር ላይ፣ እናቷ ጎኗ ሆነን ተኝታለች ብለን ስንጠብቃት ዓይኗን ገለጠችና «እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ዙፋን፣ ይህች ልጅ በአራት ዓመት ዕድሜዋ ራበኝ ብላ አታውቅም። ለምነን፣ አባብለን፣ ዘፍነን ነው የምናበላት። ሰገን ሰምተው እንደሆነ ይንገሩኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ነርሷን ጠየቅን፣ ፈቀደች። የሆስፒታሉን አጥሚት አመጡልን። ሰገን ማንኪያውን ስታነሳ ናፍቆት ከእጇ ነጥቃ ራሷ በላች፤ አገጯን አጨማለቀችው፣ ጨመሩላት፣ እሱንም በላች።

ሚዛኑ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፣ ደብተሩም ኪሴ ውስጥ። ስንት ግራም እንደበላች አልመዘንኩም።

አጎትሽ፣
ሀይለየሱስ